«ምንጭ» ወይስ «ስንቅ»፦ ስለ ሃይድሮጅን ዕቅድ የአማርኛ ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

አንድ አገር አዲስ የኢነርጂ ዘዴ በዕቅድ ልታስገባ ስትነሣ መሐንዲሱ ስለ መሣሪያው፣ የገንዘብ ባለሙያው ስለ ወጪው፣ የሕግ ዐዋቂው ስለ ውሉ ይጠይቃል። ስለ ቃሉ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም፤ ቃል ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ተርጓሚ የሚደርበው ካባ ነው ተብሎ ይታሰባልና። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በዚህ አስተሳሰብ ስለማንስማማ ነው። በእኛ አስተያየት ስለ ሃይድሮጅን በአማርኛ ከሚሠራባቸው ስያሜዎች አንዳንዶቹ ዕቅዱ ገና ሳይጻፍ አቅጣጫውን የሚያዛቡ ናቸው፤ ከእነርሱም ዋነኛው ሃይድሮጅንን «የኃይል ምንጭ» የሚለው ነው።

ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2017 አገር አቀፍ የሃይድሮጅን ስትራቴጂ አወጣች፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2020፣ ናሚቢያ በ2022፣ ጎረቤታችን ኬንያ በ2023 የየራሳቸውን ይፋ አደረጉ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚገኘው ከውኃ በመሆኑ ጥያቄው እኛም ዘንድ መነሣቱ አይቀርም። ሲነሣም የአማርኛው ቃል የተርጓሚ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲታተም፣ በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲገኝ ግን የአማርኛው የበላይነት እንዲኖረው ደንግጓል። ስለሆነም ረቂቁ በእንግሊዝኛ ታስቦ በእንግሊዝኛ ቢጻፍ እንኳ በክርክር ጊዜ ዳኛው የሚይዘው የአማርኛውን ቃል ነው። ያ ቃል የተሳሳተ እንደሆነ የተሳሳተው ትርጉሙ ብቻ ሳይሆን ሕጉ ነው ማለት ነው።

ሀ. ቃላቱ የሚፈተኑበት አገር

ስያሜን በጉባኤ አዳራሽ ብቻ መመዘን አይበቃም። ስለዚህ ለዚህ ሐተታ ቃላቱን የምንፈትንባት አንዲት ቦታ መርጠናል፤ እርሷም በምሥራቅ ጎጃም የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ከተማ የሆነችው ደብረ ወርቅ ናት። የመረጥናትም በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አካባቢው ስንዴና ጤፍ የሚያመርት ደጋ ስለሆነ ገበሬው በማዳበሪያ የሚሠራ ነው። ሁለተኛ፣ ምሥራቅ ጎጃም የቅኔና የሰዋስው ትምህርት የጸናበት አገር በመሆኑ አንድ ቃል ከየትኛው ግስ እንደ ረባ መጠየቅ በዚያ እንግዳ ነገር አይደለም።

የማዳበሪያው ነገር ከሃይድሮጅን ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ቢኖር፣ መልሱ ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ፣ አሞኒያም የሚሠራው ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን ነው የሚል ይሆናል። አንድ ኩንታል ዩሪያ ለማምረት ወደ 57 ኪሎ ግራም አሞኒያ ያስፈልጋል፤ በዚያ አሞኒያ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን 10 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በአሁኑ ጊዜ ዓለም በዓመት ከ90 ሚሊዮን ቶን በላይ ሃይድሮጅን ያመርታል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚገኘው ከተፈጥሮ ጋዝ፣ ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ዘይት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ጦርነት የጋዝን ዋጋ ሲያንረው የማዳበሪያም ዋጋ በዓለም ገበያ አብሮ የናረው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ የደብረ ወርቅ ገበሬ ሃይድሮጅን የሚባል ስም ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ ዋጋውን ግን በየዓመቱ ይከፍላል። አገር አቀፍ የሃይድሮጅን ስትራቴጂ ከማንም በፊት የሚመለከተው እርሱን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ለ. ስለ «ምንጭ»

በአማርኛ ምንጭ ማለት ማንም ሳያፈስሰው ራሱ ከመሬት የሚፈልቅ ውኃ ነው። ሰው እንስራውን ይዞ ይወርዳል፣ ይቀዳል፣ ይመለሳል፤ ምንጩን ያፈለቀው እርሱ አይደለም። «የኃይል ምንጭ» የሚለው አነጋገርም ይህንኑ ሐሳብ ይዞ ለፀሐይ፣ ለነፋስ፣ ለወንዝና ለእንፋሎት በደንብ ያገለግላል። ሃይድሮጅን ግን በተፈጥሮ ብቻውን የሚገኘው ከስንት አንድ ነው። በውኃ ውስጥ ከኦክሲጅን ጋር፣ በጋዝ ውስጥ ከካርቦን ጋር ተቆራኝቶ ይኖራል፤ ከዚያ ለመለየት ዋጋ ይከፈላል። አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን ከውኃ ለማውጣት በሥራ ላይ ባሉት መሣሪያዎች ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ ያው አንድ ኪሎ ግራም መልሶ ሊሰጥ የሚችለው ግን 33 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ከቀዳነው ይልቅ ያፈሰስንበት የሚበልጥ ከሆነ ነገሩ ምንጭ ሊባል አይችልም።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊቀርብ እንደሚችል እናውቃለን። በማሊ ቡራኬቡጉ በተባለች መንደር እ.ኤ.አ. በ1987 ውኃ ፍለጋ ከተቆፈረ ጉድጓድ ሃይድሮጅን ወጥቶ፣ ቆይቶም ለመንደሩ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ውሏል። ከመሬት በራሱ ለሚወጣው ለእንዲህ ያለው ሃይድሮጅን «ምንጭ» ትክክለኛ ቃል ነው። ነገር ግን ስለ አገራችን ሲነገር የሚታሰበው ሃይድሮጅን ይህ አይደለም፤ የሚታሰበው ከግድብና ከፀሐይ በሚገኝ ኤሌክትሪክ ከውኃ የሚለየው ነው። ልዩ ሁኔታውን ለጠቅላላው ስም ማድረግ አይገባም።

የቃሉ ስሕተት ወደ ዕቅድ ሲገባ ጉዳቱ ይታያል። ሃይድሮጅን «ምንጭ» ከተባለ በዕቅዱ ሠንጠረዥ ላይ ከውኃ፣ ከነፋስና ከፀሐይ ጎን አንድ ረድፍ ተሰጥቶት ከእነርሱ ጋር ይደመራል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ኤሌክትሪክ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ መጀመሪያ በግድቡ ረድፍ፣ ከዚያም በሃይድሮጅኑ ረድፍ። ትክክለኛው ቦታው ግን የወጪው ዐምድ ነው።

ሐ. «ተሸካሚ»፣ «አስተላላፊ»፣ «ስንቅ»

በሌሎች ቋንቋዎች ሃይድሮጅን ኢነርጂን ከቦታ ቦታ የሚሸከም ነገር ይባላል። ይህንኑ ቃል በቃል ወስዶ «ኃይል ተሸካሚ» ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን «ተሸካሚ» በአማርኛ ሰው ወይም እንስሳ፣ ሲሰፋም ምሰሶና ቋሚ ነው። «ኃይል አስተላላፊ» ብንለው የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መሥመር ከወዲሁ ይዞታል። «ማጠራቀሚያ» ደግሞ ዕቃውን እንጂ የሚጠራቀመውን አይሰይምም።

በእኛ በኩል የምናቀርበው ቃል «ስንቅ» ነው። የደብረ ወርቅ ሰው ስንቅ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። መንገደኛው በሶውን፣ የቆሎ ተማሪው ቆሎውን ቋጥሮ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ይሄዳል። ስንቅ አይታጨድም፤ ከእህል ይዘጋጃል። ሲዘጋጅ ድካምና ማገዶ ይጠይቃል፤ ከእህሉም የሚባክን አለ። ሆኖም እህሉ በሌለበት ቦታና ጊዜ ያገለግላል፤ ሰው ይህን ሁሉ የሚቀበለው ለዚሁ ጥቅም ሲል ነው። ሃይድሮጅንም ሥራው እንዲሁ ነው። ቃሉ ምርቱን፣ ብክነቱን፣ ጉዞውንና ፍጆታውን በአንድነት ስለሚይዝ ፍቺ ሳይጨመርለት የሐሳቡን ግማሽ ያስረዳል። በግዕዝም ሥንቅ ይኸው ስለሆነ የሥሩ ነገር አያጠያይቅም።

ሁለት ተቃውሞዎች ይኖራሉ። የመጀመሪያው «ስንቅና ትጥቅ» በሚለው አነጋገር ቃሉ ወታደራዊ ጠረን አለው የሚል ነው፤ ይህ ግን የአንዱ አገባብ ጠረን እንጂ የቃሉ ፍቺ አይደለም። ሁለተኛው ክብደት ያለው ነው። በባዕድ ቋንቋ ስያሜው ኤሌክትሪክንም ይጨምራል፤ ኤሌክትሪክ ግን ስንቅ ሊባል አይችልም፣ እንደ ተመረተ ወዲያው የሚበላ ነውና። ይህ እውነት ነው። ስለዚህ ለጠቅላላው ክፍል «ኢነርጂ ተሸካሚ» የሚለው ከነጕድለቱ ይቆይ፤ ሊጠራቀሙና ሊጓጓዙ ለሚችሉት ለሃይድሮጅን፣ ለአሞኒያና ለመሳሰሉት «የኢነርጂ ስንቅ» ይባል እንላለን። አማርኛው በዚህ ረገድ ከባዕዱ ቃል የጠበበ ቢሆን ጉዳት የለውም፤ ለዕቅድ አውጪው የሚያስፈልገው ልዩነት በትክክል ይኸው ነውና።

መ. «ኃይል» እና «ኢነርጂ»

ከላይ «የኃይል ስንቅ» ሳይሆን «የኢነርጂ ስንቅ» ያልንበት ምክንያት አለን። በአማርኛ «ኃይል» የሚለው ቃል ሸክሙ በዝቶበታል። ጉልበት ነው፣ ሥልጣን ነው፣ ሠራዊት ነው፤ በፊዚክስ መጽሐፍም ቢያንስ ሦስት ፅንሰ ሐሳቦችን ሲወክል ይታያል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስም እንኳ አንድ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል «ኃይል» ሲል፣ የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር «ኢነርጂ» ይላል። በዕለት ንግግር ይህ አያስቸግርም። በሃይድሮጅን ዕቅድ ላይ ግን የሚያስከትለውን አንድ ስሌት እናሳያለን።

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና ዳንጎቴ ግሩፕ በሶማሌ ክልል በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለማቋቋም ተስማምተዋል፤ ፋብሪካው እንዲጠቀም የታሰበው ከካሉብና ከሂላላ የሚመጣውን የተፈጥሮ ጋዝ ነው። አሁን አንድ ዕቅድ አውጪ ይህን ያህል ዩሪያ የሚያስፈልገው ሃይድሮጅን ከጋዝ በመለየት ፈንታ ከውኃ ቢለይስ ብሎ ጠየቀ እንበል። ሃይድሮጅኑ 300 ሺህ ቶን ያህል ይሆናል፤ በኪሎ ግራም 50 ኪሎዋት ሰዓት ብንይዝ በዓመት 15 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይጠይቃል። ይህ ከየት ይምጣ ሲባል ዓይን የሚያርፈው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ላይ ነው። የግድቡ «ኃይል» 5,150 ሜጋዋት ነው ይባላል። ይህን በዓመቱ ሰዓቶች ያባዛ ሰው 45 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ያገኝና ፋብሪካው የግድቡን ሢሶ ብቻ ይወስዳል ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን 5,150 ሜጋዋት የተርባይኖቹ የመጨረሻ አቅም ነው፤ ወንዙ በሚሰጠው ውኃ በዓመት በአማካይ ይገኛል ተብሎ የታቀደው ኢነርጂ ከ15 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው የሚወስደው ሢሶውን ሳይሆን ከሞላ ጎደል ሙሉውን ነው።

አቅምንና መጠንን በአንድ «ኃይል» የሚጠራ ሰነድ ይህን ስሕተት ለአንባቢው አዘጋጅቶ ያቀርብለታል። ስለሆነም በዋት ለሚለካው «ኃይል»፣ በዋት ሰዓት ለሚለካው «ኢነርጂ» እንዲሆን እናሳስባለን። «ጉልበት» የሚለውን የአገር ቃል ለኢነርጂ ለመስጠት የሚደረገውን ክርክር አናናንቅም፤ ግን ሁለቱ ቃላት በመሥሪያ ቤት ስም እስከ ገቡ ድረስ ሥራው አዲስ ቃል መፍጠር ሳይሆን ያሉትን ድንበር መለየት ነው።

ሠ. ስለ «አረንጓዴ» እና ስለ ሌሎች ቀለማት

ሃይድሮጅንን በቀለም መክፈል ከውጭ የመጣ ልማድ ነው። በታዳሽ ኤሌክትሪክ ከውኃ የተለየው «አረንጓዴ»፣ ከጋዝ የተለየው «ግራጫ»፣ ከጋዝ ተለይቶ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የታፈነው «ሰማያዊ» ይባላል። ጋዙ ራሱ ቀለም የለውም። በአማርኛ ደግሞ «አረንጓዴ» በተለይ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከአረንጓዴ አሻራ ጋር ተያይዞ ችግኝና ደን ማለት ሆኗል፤ ስለዚህ «አረንጓዴ ሃይድሮጅን» ለደብረ ወርቅ አንባቢ ከቅጠል የሚወጣ ነገር ቢመስለው አይፈረድበትም። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት መንግሥታት በቀለም ፈንታ ለአንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን የሚወጣውን የካርቦን መጠን እንዲጠቀሙ መክሯል።

ነገሩ ያለ ቀለም ስም ሲሠራ መኖሩን አፍሪካ ራሷ ምስክር ናት። ከዓባይ ግርጌ በአስዋን ያለው የማዳበሪያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ በግድቡ ኤሌክትሪክ ሃይድሮጅን ከውኃ እየለየ ለአሥርት ዓመታት ሠርቷል፤ በኋላ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞረ። በዚምባብዌ በክዌክዌ የነበረውም እስከ 2015 ድረስ እንዲሁ ሲሠራ ቆይቶ የኤሌክትሪክ እጥረትና ዋጋ ስላላዋጣው ይህን ዘዴ ተወ። «አረንጓዴ» የሚለው ቃል አዲስነትን ስለሚያሰማ ይህን ታሪክ ይሸፍናል፤ ዕቅድ አውጪው ግን ሁለቱ ለምን እንደ ተዉት ሊያጠና ይገባል። ሌላም የሚሸፍነው ነገር አለ። ዩሪያ ከአሞኒያ በተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል፤ ለአንድ ኩንታል ወደ 73 ኪሎ ግራም። ጋዝ የሚጠቀም ፋብሪካ ይህን ከዚያው ከጋዙ ያገኛል፤ ውኃ የሚጠቀም ፋብሪካ ከሌላ ቦታ ማምጣት አለበት። «አረንጓዴ ዩሪያ» የሚል ሐረግ በሰነድ ላይ ሲታይ ካርቦኑ ከየት ይመጣል ብሎ መጠየቅ የተርጓሚም ሥራ ነው።

ስለዚህ በሕግና በዕቅድ «ከውኃ የተለየ ሃይድሮጅን» እና «ከጋዝ የተለየ ሃይድሮጅን» ማለት ይሻላል፤ የካርቦኑም መጠን በቁጥር ይጻፍ። «አረንጓዴ» በጋዜጣ ይቀጥል እንጂ በአንቀጽ ውስጥ ያለ ፍቺ አይግባ። ከዚህ ጋር ሌላ ጥንቃቄ እንጨምራለን፤ በአገራችን የባለሙያ ንግግር «ሃይድሮ» ሲባል የውኃ ኤሌክትሪክ ማለት ነው። «ሃይድሮ» ብሎ ሃይድሮጅንን ማሳጠር ሁለቱን ያምታታልና መከልከል አለበት።

ረ. «የነዳጅ ሕዋስ» እና የንጥረ ነገሩ ስም

ሃይድሮጅንና ኦክሲጅንን አገናኝቶ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው መሣሪያ በአንዳንድ ጽሑፍ «የነዳጅ ሕዋስ» ተብሎ ተተርጉሟል። «ነዳጅ» ነደደ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። የመሣሪያው ልዩ ጠባይ ግን ምንም ሳይነድ ኤሌክትሪክ መስጠቱ ነው። ግሱን ጠይቆ ለሚያነብ ሰው ስሙ ሥራውን ይክዳል። «ሕዋስ» ደግሞ በሥነ ሕይወት ሥራውን ይዟል። «የሃይድሮጅን ሴል» ቢባል ግን አዲስ ነገር ሳይፈጠር ስሕተቱ ይወገዳል። ውኃን በኤሌክትሪክ የሚለየውን መሣሪያ በተመለከተም «የውኃ መለያያ» የሚለው ውኃው የሚለያይበትን ቦታ ስለሚያስመስል «ኤሌክትሮላይዘር» እንዳለ ተወስዶ ፍቺው እንዲጻፍለት እንመርጣለን።

ሃይድሮጅን የሚለው ስም ራሱ ይተርጎም የሚሉ አሉ። ስሙ በፈረንሳይ ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1787 ከግሪክ ቃላት የተበጀ ሲሆን «ውኃ ወላጅ» ማለት ነው። ዕብራይስጡ ማይም ከሚለው፣ ማለትም ከግዕዙ ማይ ወንድም፣ «ሜማን» ብሎ ተርጉሞታል። ነገር ግን በዚያው ጊዜ የወጣው ኦክሲጅን «አሲድ ወላጅ» ማለት ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ኦክሲጅን የሌለባቸው አሲዶች መኖራቸው ታወቀ። ጀርመንኛና ዕብራይስጥ ስሙን ከነሐሳቡ በመተርጎማቸው ስሕተቱ እስከ ዛሬ በቃላቸው ውስጥ ይኖራል፤ እንዳለ የተዋሱት ቋንቋዎች ግን ምንም አልደረሰባቸውም። የንጥረ ነገር ስም ለመለያ ስለሆነ ይዋስ፤ የሚተረጎመው የሥራ ስም ነው። «ሃይድሮጅን»፣ «ሃይድሮጂን»፣ «ሀይድሮጅን» እየተባለ መጻፉ ብቻ ይቁምና አንዱ ይጽና።

የሥራ ስም ከአገር ግስ ሲወጣ እንዴት እንደሚዘልቅ ሁለት ቃላት ያስረዳሉ። «ታዳሽ» ከታደሰ ወጥቶ ዛሬ ያለ ማብራሪያ ይነገራል። «ማዳበሪያ» ከአዳበረ ወጥቶ ገበሬው ዘንድ ከመልመዱ የተነሣ ከረጢቱም በስሙ ይጠራል። «ስንቅ»ን ስናቀርብ ተስፋችን በዚህ ልምድ ላይ ነው።

ሰ. ስለ «ስትራቴጂ» እና ማጠቃለያ

በመጨረሻ የሰነዱ ስም ራሱ ይነሣል። «ስትራቴጂ»፣ «ፍኖተ ካርታ» እና «ዕቅድ» በብዙ ጽሑፍ እንደ ተለዋዋጭ ቃላት ይሠራባቸዋል። ልዩነታቸው ግን መጠበቅ አለበት። ስትራቴጂ ምርጫ ነው፤ ምን እንደሚደረግና ምን እንደማይደረግ ይናገራል። ፍኖተ ካርታ ቅደም ተከተል ነው። ዕቅድ መጠን፣ ጊዜና ኃላፊ ያለበት ነው። ሃይድሮጅኑ ለማዳበሪያ ይዋል ወይስ ለውጭ ገበያ ይሽጥ፣ ከጎዴ ጋዝ ይለይ ወይስ ከዓባይ ውኃ የሚለው ምርጫ ሳይቈርጥ የወጣ ሰነድ ስሙ ስትራቴጂ ቢሆንም ገና የጥያቄዎች ዝርዝር ነው።

የሚመለከተው ሳይንቲስት እንግሊዝኛውን ያነባል፤ ስለዚህ የአማርኛው ቃል ለውጥ አያመጣም የሚል ይኖር ይሆናል። ሳይንቲስቱ በእርግጥ ያነባል። ግን በጀቱን የሚያጸድቀው የምክር ቤት አባል፣ ክርክሩን የሚሰማው ዳኛ፣ ማዳበሪያውን የሚከፋፍለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀ መንበርና ዋጋውን የሚከፍለው የደብረ ወርቅ ገበሬ የሚያነቡት አማርኛውን ነው። «ምንጭ ተገኘ» ሲባሉ ዋጋው ይረክሳል ብለው ይጠብቃሉ። «ስንቅ ልናዘጋጅ ነው» ሲባሉ ግን እህሉ ከየት ይመጣል፣ ስንትስ ይባክናል፣ መንገዱስ ወዴት ነው ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ለአገር የሚበጀው ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ከዚህ በላይ የቀረቡት ስያሜዎች ለውይይት የተሰጡ ናቸው። የኢነርጂ፣ የሕግና የቋንቋ ባለሙያዎች፣ በተለይም ቃላቱን በየዕለት የትርጉም ሥራቸው የሚያጋጥሟቸው አንባብያን፣ የሚደግፉትንና የሚነቅፉትን ከነምክንያቱ ጽፈው ቢልኩልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።